ሦስተኛው ባትሪ

የወንድሜ ሰማያዊ የሥራ ሱሪ ጉልበቱና ጭኑ ላይ አሥራ አንድ ቀዳዳ አለው። የባትሪ አሲድ የበላው ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ በቀዳዳዎቹ ታልፍና ግድግዳው ላይ ትንንሽ የብርሃን ነጥቦች ትጥላለች። ነጥቦቹ ቀስ እያሉ ወደ ወለሉ ይወርዳሉ፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ይጠፋሉ። እናቴ ሌላውን ልብሱን ሁሉ ለቆሎ ተማሪዎች ሰጥታዋለች። ይህን ግን “ማን ይለብሰዋል?” ብላ ተወችው። እኔ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ስል... ደስታ አይደለም። ብቻ እንዳይሄድብኝ ፈልጌ ነበር።

አንዳንዴ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተዋለሁ። አሲዱ አሁን አይሸትም። የበርበሬው ሽታ ግን እጥፋቱ ውስጥ ትንሽ ቀርቷል።

ይህን ሱሪ ለመጨረሻ ጊዜ የለበሰው ኅዳር ጽዮን ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ያ ቀን ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። ስለ እሱ ሳወራ ሁልጊዜ ከዚያ ቀን ነው የምጀምረው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ሌላ ዓይነት ስለሆነብኝ ነው።

ቡሬ ካለው ትምህርት ቤት ስመለስ ወንድሜ ግቢያችን ውስጥ መኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ ነበር። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ።

“ተማሪው፣ መጣህ?” አለኝ ሳያየኝ። በእርምጃዬ ያውቀኝ ነበር።

“መጣሁ።”

“ደብተርህን አስቀምጥና አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብለኝ። አሥራ ሦስት ስንት እንደሆነ አስተምረዋችኋል አይደል?”

ዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር። አባታችን እኔ ሳላውቀው ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት እችላለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ መብራት መዘርጋትና የውሃ ፓምፕ መጠገን ለመደ፤ እኔ ግን ከትምህርት ቤት አንድ ቀን ከቀረሁ ይቆጣ ነበር።

መኪናዋ ያልሁት በእውነቱ መኪና አይደለችም። ጣሪያ ያላት፣ በር የሌላት፣ ሁለት ሰው ከፊት፣ ሁለት ሰው ደግሞ ከኋላ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥባት፣ በባትሪ የምትሄድ ትንሽ ነገር ናት። ወንድሜ ስልኩ ላይ አይቶ፣ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ የሚጫወቱ ሀብታሞች ሜዳው ላይ ኳሳቸውን የሚከተሉባት ናት አለን። እናቴ ስትሰማ፣ “ኳስ ለመከተል መኪና? እግራቸው ደህና ሆኖ?” አለች። ነገሩ ብዙ ቀን ሲገርማት ሰነበተ።

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ቆላው ላይ፣ አንድ የውጭ ሰው ያለማው እርሻ ነበር። ሰውየው ከሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ግቢውን የገበሬዎች ማኅበር ተረከበና መጋዘኑን ለማዳበሪያ ሲያዘጋጅ ወንድሜን መብራት እንዲዘረጋ ጠሩት። መኪናዋ ከመጋዘኑ ጀርባ ቆማ ነበር። ነጩ ቀለሟ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። ዶሮዎች መቀመጫዋ ሥር እንቁላል ይጥሉ ነበር። “ይቺ የማን ናት?” ቢላቸው፣ “የማንም አይደለችም፤ ብረቷን የሚወስድልን አጥተን ነው” አሉት። በሁለት በሬ ጎትተው ከተቀበረችበት መሬት አወጡለት። በርበሬ አራግፎ ባዶውን በሚመለስ የጭነት መኪና ተጭና መጣች።

የጭነት መኪናው ወለል ላይ የቀረው ብናኝ መቀመጫዋ ስፖንጅ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ስንት ጊዜ ብናጥባት አልለቀቀም። የመጣች ቀን እኔና ወንድሜ ጎን ለጎን ተቀምጠንባት ስናስነጥስ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሳቀብን።

“ፈረሱስ የት አለ?”

“ሚዜዎቹ ተቀምጠዋል፤ ሙሽራዋ የታለች?”

“ሳቁ፣ ሳቁ” ይል ነበር ወንድሜ እያስነጠሰ። “ለመሳፈር ሰልፍ ስትይዙ አገኛችኋለሁ።”

ክረምቱን ሙሉ ሠራት። ሞተሯን ፈትቶ ጠረገ። ያለቀውን ካርቦኗን ከከባድ መኪና ማስነሻ ሞተር፣ ከሞተሪኖ በወጣ ካርቦን፣ በሞረድ እየሞረደ ልክ አስገብቶ ተካ። ፍጥነቷን የሚቆጣጠረው ጥቅልል ሽቦ ተቃጥሎ ስለነበር የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ አምስት አምስት እያጣመረ ሌላ አበጀላት። ጎማዋ የባጃጅ ጎማ ሆነ። የእኔ ሥራ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እኔ ሥሩ ሆኜ እፈገፍጋለሁ፤ የዝገቱ ብናኝ አፌ ገብቶ ምራቄ ብረት ብረት ይለኛል። አሁንም ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ስሰማ አፌ ውስጥ ብረት ይመጣል።

የቀድሞ ባትሪዎቿ ሞተው ነበር። ወንድሜ በእነሱ ፈንታ ሦስት ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ አጣመረ። ሁለቱ ከከባድ መኪና የወጡ ናቸው። ሦስተኛው የቤታችን የሶላር መብራት ባትሪ ነበር። ውሰደው ያለችው እናቴ ራሷ ናት።

“መብራቱን ውሰደው” አለችው። “እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በቀን ነው።”

ነገሩ ሁሉ ለእሷ ነበርና። እናቴ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ወድቃ ዳሌዋን ተጎድታለች። በዱላ ከአልጋዋ እስከ በሩ ትደርሳለች፤ ከዚያ በላይ አትችልም። ማርያም ደግሞ ተራራው ላይ ናት። አንድ ጊዜ ጎረቤቶች በእድሩ ቃሬዛ ተሸክመው ወስደዋት ነበር። ስትመለስ ፊቷን ሸፍና ገባች። “ዳግመኛ እንዳታደርጉት” አለች። “በቃሬዛ የምሄደው ስሞት ነው።” ከዚያ በኋላ ደወል በተሰማ ቁጥር በዱላዋ በሩ ድረስ ትሄድና ወደ ተራራው ዞራ ትቆማለች። ቅዳሴው እስኪያልቅ አትቀመጥም።

ባጃጅ አለ ትሉ ይሆናል። ባጃጅ ከተራራው እግር እስካለው ዋርካ ድረስ ይወስዳል። ከዋርካው በላይ ግን የማርያሙ መሪጌታ ከልክለዋል። ሞተር ብስክሌቱም ባጃጁም በቅዳሴ ሰዓት ቅጽሩ ድረስ እየመጣ ዜማውን ሲረብሽባቸው፣ ሞተር ከዋርካው አይለፍ ብለው በግዝት አስረውታል። ወንድሜ አንድ እሑድ ሄዶ እጅ ነሣቸውና፣

“የኔታ፣ የማይጮኽ ቢሆንስ?” አላቸው።

“የማይጮኽ ሞተር ደግሞ ምን ዓይነት ነው?”

“ዱዳ ነው፣ የኔታ።”

ጺማቸውን እያሹ ቆዩ። “እኔ የከለከልሁት የምሰማውን ነው” አሉ በመጨረሻ። “የማልሰማውን በምን አውቄ እከለክለዋለሁ?”

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ዱዳዋ ተባለች። ወንድሜም ለእናቴ፣ “ኅዳር ጽዮን ታቦቷ ስትወጣ አንቺ ቅጽሩ ውስጥ ነሽ” አላት። ቃል ሲሰጥ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

አሁን የእኔን ልንገራችሁ።

ባትሪ ውስጡ ያለው ውሃ ሲጎድል የሚጨመርለት የተጣራ ውሃ ነው። የባትሪ ውሃ ነው የምንለው፤ በጠርሙስ ይሸጣል። የምንጭ ውሃ፣ የቧንቧ ውሃ፣ ሌላ ማንኛውም ውሃ ባትሪውን ያዳክመዋል። ይህን ወንድሜ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት ሁለቱን ባትሪዎች ሞላና ጠርሙሱ ለሦስተኛው አልበቃ አለው። “ነገ ስትመለስ ገዝተህ ና፤ እኔ ከሌለሁ ራስህ ሙላው” አለኝ። ራስህ ሙላው ስላለኝ ኮራሁ። በማግስቱ ግን ከትምህርት በኋላ ጓደኞቼ ኳስ ወደሚታይበት ቤት ወሰዱኝ። ስወጣ ሱቁ ተዘግቶ ነበር።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ከሥራ ገና አልተመለሰም። እናቴ ትንሽ ሸለብ አድርጓታል። ጓዳ ገባሁ። እቤታችን ሁለት ዓይነት ጀሪካን ነበር። የማርያም ጠበል በያዘው ላይ ወንድሜ በጥቁር ማርከር መስቀል ይሠራበታል፤ እኔ ሳላየው እግሬን እንዳልታጠብበት ነው። እናቴ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ጠበል አይደፋም። እግር በሚረግጠው ቦታ አይፈስም፤ የተረፈ ካለ ዛፍ ሥር ነው የሚፈሰው።

የማርያም ጠበል ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው። ሲደርቅ ግን እንደ ዝገት ያለ ቀይ ምልክት ይተዋል። የእናቴ ኩባያ አፉ ዙሪያውን ሁልጊዜ ቀይ ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብሁም። ጥርት ብሎ ነው የታየኝ።

በጊዜው ክፉ የሠራሁ አልመሰለኝም። የእናቴን ዳሌ ያድናል የተባለ ውሃ ባትሪ ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል? እንዲያውም... መኪናዋ የምትሄደው ማርያም ነው፤ ውሃውም የመጣው ከማርያም ነው ብዬ ነበር በልቤ። ስድስቱን ቀዳዳ በስኒ እየቀዳሁ ሞላሁና ክዳኑን ዘጋሁ።

ወንድሜ ሲመጣ፣ “ሞላኸው?” አለኝ።

“ሞላሁት።”

ወደዚያ ቀን ልመለስ። አሥራ ሦስት ቁልፉን ካቀበልሁት በኋላ ትንሽ ቆይቶ ከሥር ወጣ። ፀጉሩ ላይ ሣር ነበር። “ተነሣ፣ ዋርካውን አልፈን እንሞክራት” አለኝ። ከኋላ ተቀመጥሁ። ከኋላ የምቀመጠው በድንጋዩ ምክንያት ነው። የዱዳዋ የእጅ ፍሬን ገመድ ተበጥሶ ነበር፤ ከበዓሉ በኋላ እሠራዋለሁ ይል ነበር። ስለዚህ ባቆመ ቁጥር እግሩን ፍሬኑ ላይ እንዳደረገ፣ “ተማሪው፣ ድንጋይ!” ብሎ ይጮኻል። እኔ ዘልዬ እወርድና ከጎማው ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ። የራሷ ድንጋይ ነበራት፤ ከኋላ መቀመጫው ሥር ይዘነው እንዞር ነበር። የእጅ ፍሬኑን እስከ ዛሬ አልሠራሁትም።

ጤፉ የሚታጨድበት ወቅት ነበር። መንገዱ በሁለቱም በኩል ቢጫ ነው። ዱዳዋ ስለማትጮኽ ሁሉ ነገር ይሰማ ነበር። ማጭዱ ጤፉን ሲቆርጥ፣ ከእግራችን ሥር ጠጠሩ ሲንሸራተት፣ ሩቅ ቦታ አንድ ሰው ሲስል። እኔ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ስለተቀመጥሁ ቤታችን እያነሰች ስትሄድ አይ ነበር። በሩ ላይ እናቴ ቆማለች።

አንድ አጫጅ ቀና ብሎ አየንና ማጭዱን እንደያዘ፣ “አንተ! ማነው እሚገፋችሁ?” ብሎ ጮኸ።

“ኧረ ቁልቁለት ነው!” አለው ወንድሜ። ዳገት እየወጣን ነበር።

አጫጁ ዳገቱን አየ፣ እኛን አየ። ሌሎቹ ሁሉ ቀና ብለው ሳቁ። የወንድሜን ትከሻ ባላይም ሲንቀጠቀጥ በመቀመጫው በኩል ተሰማኝ።

ዋርካው ጋ ስንደርስ ዱዳዋ ደከመች። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አለችና ቆመች።

“ተማሪው፣ ድንጋይ!”

ድንጋዩን አደረግሁ። እሱ መቀመጫውን አንሥቶ የባትሪዎቹን ኃይል በቴስተር ይለካ ጀመር። አንደኛው ደህና ነው። ሁለተኛው ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ለካ። ክዳኖቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ረጅም ጊዜ አየ። ጣቱን የክዳኑ አፍ ዙሪያ አዞረና ጣቱን ወደ ብርሃን አድርጎ ተመለከተው። ከዚያ ጭኑ ላይ ጠረገው። ሱሪው ላይ ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ የዚያ ቀን ነው። የትኛው እንደሆነ አውቀዋለሁ።

“ሦስተኛውን በምን ነው የሞላኸው?” አለኝ።

“በባትሪ ውሃ።”

“ከየት ገዛህ?”

“ከመናኸሪያው አጠገብ።”

ፊቴን አየኝ። እኔ ድንጋዩን አየሁ።

“ጥሩ” አለ። ክዳኖቹን ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ለብቻው ሳቀ። ምን እንዳሳቀው አልጠየቅሁትም። በቁልቁለቱ በፍሬን ብቻ እየያዛት ተመለስን።

እራት ላይ እናቴ፣ “ደረሰች?” አለች።

“ዋርካው ድረስ።”

“ከዋርካው በላይስ?”

“ሦስተኛው ባትሪ ደክሟል፣ እማ። ፍኖተ ሰላም ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ ጋ ልክ የሚሆናት አለ። ጠዋት ሄጄ ለምሳ እመለሳለሁ። ለበዓሉ እንደርሳለን።”

“እኔ ልሂድ” አልሁ።

“አንተ ፈተና አለብህ።”

“ወንድማለም...”

“ምን?”

እንጀራው ላይ ያለውን እጄን አየሁ። “ምንም” አልሁት።

ሱሪውን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። “በዚህ ወንፊት ፍኖተ ሰላም አልገባም” አለ፤ “እዚያ ሰው አለ።” እናቴ ሳቀች። ከዚያ፣ “ተማሪው፣ ማርከሩን አይተሃል?” አለኝ። ከደብተሬ መካከል አውጥቼ ሰጠሁት። የስልኩን መብራት አብርቶ ወደ ግቢው ወጣና ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ለምን እንደወጣ ልብ አላልሁም።

ብናገር ኖሮ አይሄድም ነበር አልልም። ባትሪው እንደሆነ ደክሟል። ግን ምናልባት፣ “ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ አንተ ሂድና አምጣ” ይለኝ ነበር። እኔ ነበርሁ የምሄደው። ይህን ነው የማስበው። ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር እያሰብሁም ሥሩ ላይ ይኸው ነው።

በማግስቱ ስነሣ ሄዷል። ስድስት ሰዓት ላይ ፈተና ላይ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን የክፍሉ በር ላይ ቆመው መምህሩን በምልክት ጠሩት። መምህሩ ወረቀቴን ራሱ ሰበሰበልኝ። ወንድሜ ከፍኖተ ሰላም ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ መንቁሳ ሳይደርስ ተገልብጧል። ሌሎቹ ተጎድተው ተረፉ። እሱ አልተረፈም። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን መናገር አልችልም።

የቀብሩ ቀን ብዙ ሰው መጣ። ከመጡት መካከል የማናውቃቸው፣ ግንባራቸው በፋሻ የታሸገ ሽማግሌ ነበሩ። የወንድሜን ጃኬት ታቅፈው ነበር። ጃኬቱን ሲፈቱት ውስጡ ባትሪው ነበር።

“አጠገቡ ነበርሁ” አሉኝ። “በእግሮቹ መካከል ይዞት ነበር። ‘አባባ፣ እግርዎን ያርቁ፣ አሲድ አለው’ አለኝ። የማን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ‘የእናቴ ነው’ አለኝ። ሜዳ ላይ ልተወው አልቻልሁም።”

ባትሪው አልተሰነጠቀም። አንድ ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ወንድሜን በእድሩ ቃሬዛ አነሡት። እናቴንም ሊሸከሙ አራት ጎረምሶች ቀርበው ነበር።

“እሱን ያዙልኝ” አለቻቸው። “እኔን ተዉኝ። እሱን እንዳትጥሉብኝ።”

በዱላዋ በሩ ላይ ቆማ ሸኘችው። ከበራችን መንገዱ እስከ ዋርካው ድረስ ይታያል። ከዋርካው በላይ አይታይም። እኔ ከቃሬዛው ኋላ እየሄድሁ ዋርካው ጋ ስንደርስ ዞሬ አየኋት። ትንሽ ሆና ቆማለች።

በማግስቱ ኅዳር ጽዮን ነበር።

የነቃሁት ከበሮው ከተራራው ሲሰማኝ ነው። ለቅሶ የመጡ ዘመዶቻችን ወለሉ ላይ እንደተደረደሩ ተኝተዋል። እናቴ ተቀምጣለች፤ እንቅልፍ የወሰዳትም አይመስለኝ። ተያየን። ባትሪውን ይዤ ወጣሁ።

ዱዳዋ ላይ ጤዛ ወርዶባታል። መቀመጫውን ሳነሣ የበርበሬው ሽታ መጣና አስነጠሰኝ። ቀና ብዬ የሚስቅ ሰው ፈለግሁ። ከዚያ እሱ እንዳስተማረኝ መጀመሪያ ነጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፈታሁና ሦስተኛውን ባትሪ በሁለት እጄ አነሣሁት።

ከሁለተኛው ባትሪ ጋር ተጠግቶ በነበረው ጎኑ፣ ሳይወጣ በማይታይበት በኩል፣ በጥቁር ማርከር መስቀል ተሠርቶበታል። እንደ ጀሪካኑ።

ቁልቁል ሳየው ክዳኖቹ ዙሪያ ቀይ ነው። እንደ እናቴ ኩባያ።

ዐውቆ ነበር። ዋርካው ሥር ጣቱን ያየ ጊዜ ዐውቆ ነበር። አልተቆጣኝም፤ ውሸታም ነህም አላለኝ። ባትሪው ሲጣል ሰው ሳያውቅ ውስጡ ያለውን መንገድ ላይ እንዳይደፋው ብቻ ምልክት አደረገበት። መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ባትሪው ጭኔ ላይ ነበር። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ከበሮው ግን ቆሞ እንደገና ጀምሯል።

ከዚያ ተነሥቼ ወደ ጓዳ አስገባሁትና ከጀሪካኑ አጠገብ አስቀመጥሁት። ዛሬም እዚያው ነው። አዲሱን አስገብቼ አሰርሁ። በቴስተር ለካሁ። ሦስቱም ደህና ነበሩ።

እናቴ ሳልጠራት በሩ ላይ ቆማለች። ጥቁር ለብሳ ዱላዋን ይዛለች። አንዲት ዘመዳችን ከኋላዋ፣ “እቴ፣ ትናንት ቀብረሽ፣ ዛሬ በዓል ልትሄጂ ነው?” አለቻት።

“ልጄ ቀጥሮኛል” አለች እናቴ።

ከፊት አስቀመጥኋት። ድንጋዩን አንሥቼ ከኋላ መቀመጫው ሥር አደረግሁና በእሱ ቦታ ተቀመጥሁ። መሪው ላይ እጁ የሚያርፍበት ቦታ ለስልሶ ነበር። ዱዳዋ ዝም ብላ ሄደች። ጤፉ የሚበዛው ታጭዶ ተከምሯል። ማንም አልነበረም፤ ሁሉም በዓል ላይ ነው። ዋርካው ጋ ስንደርስ ፔዳሉን አጥብቄ ረገጥሁ። አልደከመችም። አለፈችው።

ከዋርካው በላይ ያለውን መንገድ እናቴ ሁለት ዓመት አላየችውም። ግራና ቀኝ እያየች ነበር። እዚያ ላይ ነገርኋት።

“እማ፣ ሦስተኛው ባትሪ ውስጥ ጠበል የጨመርሁት እኔ ነኝ። የባትሪ ውሃ ገዛሁ ብዬ ዋሸሁት።”

ዓይኗን ከመንገዱ መልሳ አየችኝ።

“ታዲያ ደፋኸው?” አለችኝ።

“አልደፋሁትም። ጓዳ ነው።”

“ደግ አደረግህ።” እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። እስክንደርስ አላነሣችውም።

የቅጽሩ በር አንዱ ተከፍቶ አንዱ ተዘግቶ ነበር። የኔታ ካባ ደርበው በሩ ላይ ቆመዋል። አዩን። የተዘጋውን በር ራሳቸው ከፈቱልንና እንዳልሰማ ሰው ፊታቸውን ወደ ዘማሪዎቹ መለሱ። ነጭ የለበሰው ሕዝብ መንገድ ለቀቀልን። በቤተ ክርስቲያኑ ጎን፣ አፈሩ ገና እርጥብ ወደሆነበት ሄድሁና ፍሬኑን ረግጬ ቆምሁ።

ቦታው ተዳፋት ነበር። እግሬን ካነሣሁ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። እናቴ አፈሩን እያየች ነው። እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ምን እንደምጠብቅ ቆይቶ ነው የገባኝ።

“ድንጋይ!” አልሁ።

ጮክ አላልሁም። ድምፄ ግን የእሱን መሰለኝ። ከኋላ የሚዘል ሰው አልነበረም።

“የት ነው ያለው?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔታ ተከትለውን መጥተዋል።

“ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ የኔታ።”

ካባቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። ድንጋዩን አወጡና ከጎማው ሥር አደረጉት። በእጃቸው ገፋ አድርገውም አጸኑት።

እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሣሁ። ዱዳዋ አልተንቀሳቀሰችም። በእናቴ በኩል ዞሬ፣ ብብቷን ደግፌ አወረድኋትና ወደ እሱ ወሰድኋት።